ቁጥር 42 እና መዝሙሩ

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ነበር። ምልክቱ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነኝ። በደንብ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ በየታክሲውና በየካፌው የተነሳውን ክርክር ነው። አንዱ ጀግና ይለዋል፣ ሌላው ስፖርትና ፖለቲካን ምን አገናኛቸው ይላል። በአምስተኛው ቀን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ኮሊን ካፐርኒክ የሚባል የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ተቀምጦ መቅረቱ ተሰማና ያው ክርክር በእንግሊዝኛ ተጀመረ። ሥራ ቦታህ ላይ ሥራህን ሥራ፣ ፖለቲካህን ቤትህ አድርግ የሚለው።

በአሜሪካኖቹ ክርክር ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚነሳ አንድ ስም ነበር፤ ጃኪ ሮቢንሰን። ብዙ ጊዜ የሚነሳው እንደ ተቃራኒ ምሳሌ ነው። ተሰደበ ዝም አለ፣ ተተፋበት ዝም አለ፣ መልሱን በጨዋታ ሰጠ፣ እናንተም እንደሱ ሁኑ ይባላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ለተወሰነ ጊዜ አምኜው ነበር። ከዚያ ሰውየው በ1972 ያወጣውን የሕይወት ታሪኩን አነበብኩ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ቆሞ መዝሙሩን መዘመር እንደማይችል፣ ለሰንደቅ ዓላማውም ሰላምታ መስጠት እንደማይችል ጽፏል። ዝምተኛ የተባለው ሰው ማለት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃክ ሩዝቬልት ሮቢንሰን ጃንዋሪ 31 ቀን 1919 በጆርጂያ ግዛት፣ ካይሮ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ተወለደ። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነው። ወላጆቹ በሰው መሬት ላይ አርሰው ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈሉ ገበሬዎች ነበሩ፤ በእኛ አገር ቋንቋ ጭሰኛ ብንላቸው ብዙም አንሳሳትም። አባትየው ቤተሰቡን ጥሎ ጠፋ። እናትየው ማሊ በ1920 አምስቱን ልጆቿን ይዛ ባቡር ተሳፈረችና ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ገባች። የሰው ቤት እየሠራች አሳደገቻቸው።

በቤቱ ውስጥ የመጀመሪያው ስፖርተኛ ጃኪ አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ ማክ ሮቢንሰን በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ በ200 ሜትር ከጄሲ ኦውንስ ቀጥሎ ገብቶ የብር ሜዳሊያ ወስዷል። ስለ ኦውንስና ስለ ሂትለር ስንት ተወርቷል። ማክ ወደ ፓሳዴና ሲመለስ ግን ያገኘው ሥራ መንገድ መጥረግ ነው። የኦሊምፒክ ጃኬቱን ደርቦ የከተማዋን መንገድ ይጠርግ ነበር። በበርሊን ጊዜ ጃኪ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ለአገር መሮጥና ከአገር መመለስ ምን እንደሚመስል በገዛ ወንድሙ ላይ አይቶ ነው ያደገው ማለት ይቻላል።

እሱ ራሱ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአራት ስፖርቶች ለዩኒቨርሲቲው ተሰለፈ፤ በፉትቦል፣ በቅርጫት ኳስ፣ በአትሌቲክስና በቤዝቦል። ከአራቱ ደካማው ቤዝቦል ነበር፤ ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ይቀልዳል። በ1941 ሳይመረቅ ወጣ። በዓመቱ ለውትድርና ተጠራ።

በ1944 የሆነውን ነገር የማያውቅ ሰው ሮቢንሰንን አያውቀውም ባይ ነኝ። ሮቢንሰን ያኔ ምክትል መቶ አለቃ ነው፤ በቴክሳስ፣ ካምፕ ሁድ በሚባል የጦር ሰፈር። ጁላይ 6 ምሽት ላይ የሰፈሩ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ከአንድ ጓደኛው ሚስት ጎን ተቀመጠ። ሴትየዋ ጥቁር ነች፣ ግን ቀይ ስለሆነች ሾፌሩ ነጭ መስላው ነበር ይባላል። ሾፌሩ ወደ ኋላ ሂድ አለው። ሮቢንሰን በጦር ሰፈር አውቶቡሶች ላይ በዘር ለይቶ ማስቀመጥ መከልከሉን ያውቃል፤ አልሄድም አለ። ሮዛ ፓርክስ በሞንትጎመሪ አውቶቡስ አልነሳም ከማለቷ 11 ዓመት በፊት ነው ይሄ። ነገሩ ተካሮ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። የሚገርመው ክሱ በአውቶቡሱ ጉዳይ አልነበረም። አለቆቹን አላከበረም፣ ትእዛዝ አልፈጸመም የሚል ነበር። በአፉ የተከሰሰ ሰው በሉት። ኦገስት 2 ቀን ዘጠኝ መኮንኖች አይተው በነጻ አሰናበቱት። የእሱ የታንክ ሻለቃ፣ 761ኛው፣ ያለ እሱ አውሮፓ ዘመተ። እሱ በኖቬምበር በክብር ከሠራዊቱ ተሰናበተ።

በ1945 ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ በሚባል የጥቁሮች ቡድን በወር 400 ዶላር እየተከፈለው መጫወት ጀመረ። እዚህ ላይ አንባቢ ቤዝቦልን ባያውቅም ገበያውን ማወቅ አለበት። በዋናው ሊግ 16 ክለቦች ነበሩ። ከ1880ዎቹ ወዲህ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረባቸውም። የሚከለክል የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ባለቤቶቹ በዝምታ ተስማምተው ነው። ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስንማር ጋሪ ቤከር በ1957 ስላሳተመው የመድልዎ ኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ሰምተናል። ሐሳቡ በግርድፉ፣ አድሎ የሚያደርግ ቀጣሪ ራሱ ይከስራል፤ ጎበዙን ሠራተኛ ትቶ በውድ ዋጋ ሌላ ይቀጥራልና። ስለዚህ ፉክክር ካለ አድሎ ይሸረሸራል ነው። ጥሩ። ግን እነዚህ 16 ክለቦች ከ60 ዓመት በላይ ሲከስሩ ኖሩ ማለት ነው? መምህራችንን ያኔ ይሄን ብጠይቃቸው ኖሮ ብዬ አስባለሁ። መልሱ ፉክክር አልነበረም ነው። አስራ ስድስቱ እንደ አንድ ገዢ ነበሩ።

ከመካከላቸው አፈንግጦ የወጣው የብሩክሊን ዶጀርስ አለቃ ብራንች ሪኪ ነው። ሃይማኖተኛ ሰው ነበር፣ ነጋዴም ነበር፤ ሁለቱንም አብሮ መሆን ይቻላል። ኦገስት 28 ቀን 1945 ሮቢንሰንን ቢሮው ጠርቶ ለሦስት ሰዓት ያህል አናገረው። ብዙውን ጊዜ ሲያናግረው ሳይሆን ሲሰድበው ነው ያሳለፈው። አንዴ እንደ ሆቴል ተቀባይ፣ አንዴ እንደ ተቃራኒ ቡድን ተጫዋች እየሆነ የሚመጣበትን ስድብ ሁሉ በተውኔት አሳየው። የፈለገው ተሰድቦ የማይመልስ ሰው ነበር። ሮቢንሰን የ26 ዓመት ሰው ነው፤ በአውቶቡስ አልነሳም ብሎ ጦር ፍርድ ቤት የቆመ ሰው። እሺ አለ። በወር 600 ዶላር እና 3,500 ዶላር የፊርማ ተስማሙ። ሞናርክስ ለተወሰደባቸው ተጫዋች ከሪኪ ሳንቲም አላገኙም፤ ይሄ በጀግንነቱ ታሪክ ውስጥ ብዙ አይነገርም።

እንግዲህ ዝምታው ከዚህ ይጀምራል። ዝምታው የሰውየው ባሕርይ አልነበረም። የሥራ ውል ነበር፤ ወረቀት ላይ አይጻፍ እንጂ።

ኤፕሪል 15 ቀን 1947 በብሩክሊን ኤቤትስ ፊልድ፣ 42 ቁጥር ለብሶ ሜዳ ገባ። 28 ዓመቱ ነው። ገና ከዚያ በፊት በልምምድ ወቅት የገዛ ቡድኑ አንዳንድ ተጫዋቾች ከጥቁር ጋር አንጫወትም ብለው ፊርማ ለማሰባሰብ ሞክረው ነበር። በሳምንቱ የፊላደልፊያው ቡድን አሰልጣኝ ቤን ቻፕማን ተጫዋቾቹን አስከትሎ ለጆሮ የሚከብድ ስድብ አወረደበት። ሮቢንሰን ከጊዜ በኋላ ሲጽፍ፣ ትእግስቱ ሊያልቅ አፋፍ ላይ የደረሰው በዚያ ቀን እንደነበር አልደበቀም። ወር ሳይሞላ ከዚሁ ሰውዬ ጋር አንድ የመጫወቻ ዱላ ይዘው ጎን ለጎን ፎቶ እንዲነሱ ተደረገ። ለገጽታ። ፎቶው ዛሬም አለ። የሮቢንሰንን ፊት እዩት።

እሱ ዝም ባለበት ዓመት ክለቡ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ወደ ሜዳው ሳበ። ሮቢንሰን የተከፈለው የሊጉ ትንሹ ደሞዝ፣ 5,000 ዶላር ነው። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ቡድኑ ለዋንጫው ፍጻሜ ደረሰ፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን በያንኪ ስታዲየም ሙዚቃው ተመታ፣ ባንዲራው ወጣ፣ የባሪያ የልጅ ልጅ የሆነው ሮቢንሰን ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ቆመ። ያኔ መዝሙሩ ለእሱም የሚዘመር ሳይመስለው አልቀረም። ከ25 ዓመት በኋላ መጽሐፉን ሲጽፍ የጀመረው ከዚህች ደቂቃ ነው።

በ1949 ሪኪ ከቃሉ ፈታው። አሁን የፈለግከውን ተናገር ማለት ነው። በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። በዚያው ዓመትም የመጀመሪያውን ትልቅ የፖለቲካ ንግግሩን አደረገ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ እኔን በጣም የሚረብሸኝ ቦታ ይሄ ነው።

ፖል ሮብሰን የሚባል ዘፋኝና ተዋናይ ነበር፤ በወጣትነቱ ራሱ የታወቀ ፉትቦል ተጫዋች። በዘመኑ ከዓለም ታዋቂ ጥቁሮች አንዱ ነው። ለሶቭየት ኅብረት ልቡ የሚያደላ ሰው ነበር፣ አይደብቀውም። በኤፕሪል 1949 ፓሪስ ላይ ተናገረ ተብሎ የተጻፈው ነገር አሜሪካን አናወጠ፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ሶቭየትን አይወጉም አለ ተባለ። ፀረ አሜሪካዊ የሚባሉ እንቅስቃሴዎችን የሚመረምረው የምክር ቤት ኮሚቴ ይሄን የሚያፈርስለት ጥቁር ፈለገ። ሮቢንሰንን ጠራው። ሪኪም ሂድ አለው።

ሮቢንሰን ጁላይ 18 ቀን 1949 ዋሽንግተን ቀረበ። ንግግሩን ዛሬ ስታነቡት ሁለት ነገር አለው። አንደኛው፣ ስለ ዘር መድልዎ የሚናገረው ኮሚኒስት ስለሆነ ብቻ ግፉ ውሸት አይሆንም፣ ጥቁሮች ኮሚኒስት ከመፈጠሩ በፊትም ይበደሉ ነበር የሚል ጠንካራ ክፍል ነው። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ኮሚቴ ፊት፣ ይሄን ማለት ቀላል አልነበረም። ሁለተኛው፣ ሮብሰን ተናገረ የተባለው እውነት ከሆነ የሞኝ ንግግር እንደሚመስለው መግለጹ ነው። በማግስቱ ጋዜጦቹ የትኛውን ይዘው ወጡ? ሁለተኛውን።

ሮብሰን ማን ነበር ለሮቢንሰን? በዲሴምበር 1943፣ ሪኪና ሮቢንሰን ገና ሳይተዋወቁ፣ ከቤዝቦል ክለቦች ባለቤቶች ፊት ቆሞ ጥቁሮችን አስገቡ ብሎ የተከራከረ ሰው ነበር። በ1950 መንግሥት ፓስፖርቱን ነጠቀው። እስከ 1958 ከአገር መውጣት አልቻለም፤ አገር ውስጥም የመድረክ በር ተዘጋበት። ይሄ ሁሉ በሮቢንሰን ንግግር ምክንያት ሆነ ማለት አይቻልም፣ መንግሥት አስቀድሞ ቆርጦ ነበር። ግን አንዱን ጥቁር በአፉ ምክንያት ሥራ ለማሳጣት የሌላው ጥቁር አፍ ተፈለገ። ሮቢንሰንም ሄደ። በመጨረሻው መጽሐፉ ላይ ያን ጥሪ አሁን ቢሆን እንደማይቀበለው፣ ለሮብሰንም ያለው አክብሮት ከዕድሜው ጋር እንደጨመረ ጽፏል። ዘግይቷል። ቢሆንም ጽፎታል። ስንቱ ሰው ስህተቱን ሳይጽፍ ይሞታል።

ከ1949 በኋላ ሜዳ ላይ ይመልስ ጀመር። ከዳኛ ጋር ይከራከራል፣ ለጋዜጠኛ ያሰበውን ይናገራል። ያኔ ደግሞ የቀድሞው ጨዋ ልጅ ምን ነካው፣ አፉ በዛ ተባለ። በ1955 ቡድኑ ዋንጫውን በላ። በዲሴምበር 1956 ክለቡ ለሌላ ክለብ፣ ለኒው ዮርክ ጃያንትስ፣ ሸጠው። ሳያማክሩት። አልሄደም፤ ጫማውን ሰቀለ።

ቀጥሎ የያዘው ሥራ ነው እኔን በግሌ የሚያስቀኝም የሚያስቀናኝም። ቾክ ፉል ኦ ነትስ የሚባል፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ቡናና ሳንድዊች የሚሸጥ፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት አድርጎ ቀጠረው። የሠራተኛ ጉዳይ ምክትል ፕሬዚዳንት። በዛሬ አነጋገር ኤችአር ማለት ነው። አብዛኞቹ ሠራተኞች ጥቁሮች ነበሩ። ባለቤቱ ዊሊያም ብላክ ሮቢንሰንን በሥራ ሰዓት ጭምር የጥቁሮች መብት ተሟጋች ለሆነው ማኅበር ለኤንኤኤሲፒ ገንዘብ ለማሰባሰብ ከከተማ ከተማ እንዲዞር ፈቀደለት።

ለምን እንደሚያስቀናኝ ልንገራችሁ። ከተመረቅኩ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ በአንድ ድርጅት ውስጥ መረጃ መሰብሰብና ማጠናቀር ነበር፤ ስሙን ተዉት። ስድስተኛው ወር ላይ ኤችአር ጠራኝ። ሴትየዋ ደግ ነበሩ፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ማታ ቤቴ ሆኜ ፌስቡክ ላይ ያጋራሁትን አንድ ጽሑፍ አሳዩኝ። ስድብ የለበትም፣ ስለ ኑሮ ውድነት ነው። እኔም የራሴን ሁለት መስመር ጨምሬበት ነበር። ድርጅቱ ገለልተኛ መሆኑን፣ ኮንትራቴ በሚቀጥለው ወር እንደሚታደስ፣ እንደ እናት እየመከሩኝ መሆኑን ነገሩኝ። እዚያው ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ አጠፋሁት። ኮንትራቱ ታደሰ። ጀግንነት የለበትም ይሄ ታሪክ። የቤት ኪራይ ግን ነበረበት።

ወደ ኤችአሩ ሰውዬ ልመለስ። ሜይ 12 ቀን 1958 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ለጥቁር መሪዎች ስብሰባ ንግግር ሲያደርጉ ትእግስት ይኑራችሁ የሚል ምክር ሰጡ። ሮቢንሰን አዳራሹ ውስጥ ነበር። በማግስቱ ቢሮው ገብቶ ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፈ። ከሰው ሁሉ ይበልጥ የታገሥነው እኛ ነን፣ አሁን ታገሡ ማለት የነጻነትን ተስፋ መርገጥ ነው የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። ዛሬ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። ከራስጌው ላይ ያለው ማኅተም የማን እንደሆነ ገምቱ። የቡና ሻጩ ኩባንያ። በድርጅቱ ወረቀት፣ በድርጅቱ አድራሻ፣ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት! በ1961 ለኬኔዲም እንዲሁ በኩባንያው ወረቀት ጽፏል። እዚህ ብዙ ሰው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሠራተኛውን ከአለቃው የሚጠብቀው ይመስለዋል። አይጠብቀውም። የመናገር ነጻነቱ አንቀጽ የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ የግል ቀጣሪ አይመለከተውም። ሮቢንሰንን ያስጻፈው አንድ አለቃ እሺ ማለቱ ነው።

ሁሉም አለቃ እሺ አላለም። ከ1959 ጀምሮ በኒው ዮርክ ፖስት ጋዜጣ ላይ አምድ ነበረው። ጋዜጣው ያኔ ዴሞክራት ነበር። በ1960 ምርጫ ሮቢንሰን ከኩባንያው ፈቃድ ወስዶ ለሪፐብሊካኑ ለሪቻርድ ኒክሰን ቀሰቀሰ። ምርጫው እንዳለፈ አምዱን አጣ። በ1962 በጥቁሮች ጋዜጣ፣ በአምስተርዳም ኒውስ፣ እንደገና መጻፍ ጀመረ። (የአምድ ጸሐፊ እንጀራ ድሮም እንዲህ ነው።)

ኒክሰንን መደገፉ ትክክል ነበር? እኔ አይመስለኝም። በዚያው ኦክቶበር ማርቲን ሉተር ኪንግ ጆርጂያ ውስጥ ሲታሰሩ ኬኔዲ ለባለቤታቸው ለኮረታ ስልክ ደወሉ። ኒክሰን ምንም አላደረጉም፤ ሮቢንሰን እንዲናገሩ ለምኗቸው ነበር። ያኔ ጥሎ መውጣት ይችል ነበር፣ አልወጣም። የእሱ ስሌት ጥቁሩ በሁለቱም ፓርቲዎች ውስጥ ሰው ይኑረው፣ ድምፁ በነጻ አይወሰድ የሚል ነበር። ስሌቱ በወረቀት ላይ ያምራል። በ1964 ሳን ፍራንሲስኮ በተደረገው የሪፐብሊካኖች ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ባሪ ጎልድዋተር ሲመረጡ አየ፤ እንደ አይሁድ በሂትለር ጀርመን የመሆን ስሜት ምን እንደሆነ እዚያ እንደገባው ጽፏል። በ1968 ኒክሰን ሲወዳደሩ ድጋፉን ለዴሞክራቱ ለሁበርት ሃምፍሪ ሰጠ።

በእነዚያ ዓመታት የማይናገርበት ነገር አልነበረም። ኦገስት 28 ቀን 1963 ከልጆቹ ጋር በታላቁ የዋሽንግተን ሰልፍ ላይ ነበር፤ ከሪኪ ቢሮ ከወጣ ልክ በ18 ዓመቱ። ሃርለም ውስጥ ፍሪደም ናሽናል የሚባል የጥቁሮች ባንክ ሲመሠረት ሊቀመንበሩ ሆነ። ከማልኮም ኤክስ ጋር በጋዜጣ ተሟገተ። በቬትናም ጦርነት ላይ ከኪንግ ጋር ሳይቀር ተለያየ፤ ልጁ ጃኪ ጁኒየር እዚያ ቆስሎ ነበር። ቀኝ ነው ስትሉት ግራ፣ ግራ ነው ስትሉት ቀኝ ይሆንባችኋል።

በ1968 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የእሱና የእኛ መንገድ ትንሽ ተነካካ። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አፓርታይድ የሚገዛትን ደቡብ አፍሪካን ወደ ሜክሲኮው ኦሊምፒክ ልመልስ ሲል ኢትዮጵያ እንዲያ ከሆነ አልሄድም ካሉት የመጀመሪያዎቹ የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። አሜሪካ ውስጥም ስፖርተኞች ደቡብ አፍሪካ አትግባ ብለው ፈረሙ፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ ጃኪ ሮቢንሰን ነው። በኤፕሪል ግብዣው ተሰረዘ። እኛም ሄድን፤ ማሞ ወልዴ በ10 ሺህ ሜትር ብር፣ በማራቶን ወርቅ ያመጡት በዚያ ኦሊምፒክ ነው። ስፖርትና ፖለቲካን ምን አገናኛቸው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይሄን አነሳለታለሁ። ያ እምቢታ ባይሰምር ኖሮ የማሞ ወርቅ አይኖርም ነበር። ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ መዝሙሩ ሲዘመር በጥቁር ጓንት እጃቸውን ያነሱትም እዚያው ሜክሲኮ ነው። ከቡድኑ ተባረሩ።

በ1970 ኩርት ፍለድ የሚባል ተጫዋች ያለፈቃዴ ለሌላ ክለብ ልሸጥ አይገባም ብሎ ሊጉን ከሰሰ። በሊጉ ውል ውስጥ ተጫዋቹ የሥራ ዘመኑን ሙሉ የአንድ ክለብ ንብረት የሚያደርግ አንቀጽ ነበር። እኔ በተማርኩት ቋንቋ ሞኖፕሶኒ ይባላል፤ ጉልበትህን የሚገዛህ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ዋጋህንም አፍህንም እሱ ይወስናል። በሥራ ላይ ያሉ ተጫዋቾች ከፍለድ ጎን ፍርድ ቤት ለመታየት ፈሩ። ሮቢንሰን ግን ሄዶ መሰከረ። ፍለድ በ1972 በጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 3 ተረታ፤ አንቀጹ የፈረሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያ ውል በ1947 ባይኖርና ሮቢንሰን ከክለብ ክለብ መምረጥ ይችል ቢሆን ኖሮ ያን ፎቶ ከቻፕማን ጋር ይነሳ ነበር? ይሄን ጥያቄ ደጋግሜ አስበዋለሁ።

ሰውነቱ ቀድሞ ደከመ። ስኳሩ ዓይኑን በላው፣ ልቡ ታመመ፣ እግሮቹ ከዱት። ገና በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ፀጉሩ ጥጥ መስሎ ነበር። በጁን 1971 ከሱስ አገግሞ ሌሎች ሱሰኞችን ሲረዳ የነበረው የ24 ዓመቱ ጃኪ ጁኒየር በመኪና አደጋ ሞተበት። ያኔ ከቤዝቦል ጋር ተኳርፎ ነበር። በ1969 ለአንጋፋዎች ጨዋታ ሲጠሩት፣ ተጫዋቾቹ ጥቁር ሆነው አንድም ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሳይኖር አልመጣም ብሎ ቀርቷል። በዚያው ዓመት ጁላይ 4፣ የነጻነት በዓላቸው ቀን፣ ቤቱ ላይ ባንዲራ እንደማይሰቅል ለጋዜጣ ተናገረ።

ኦክቶበር 15 ቀን 1972 ሲንሲናቲ ላይ ለፍጻሜው ጨዋታ ተጋበዘ፤ ሜዳ የገባበት 25ኛ ዓመት ሊከበርለት። ይሄን ጊዜ ሄደ። ለማለት ይቻላል ማየት አይችልም ነበር። ማይክ ሰጡት። አመሰገነ፤ ከዚያ እየሳቁ በሚያጨበጭቡት ባለቤቶች ፊት፣ በቀጥታ ስርጭት፣ አንድ ቀን ከዚያ የአሰልጣኞች መስመር ላይ ጥቁር ፊት ባይ የበለጠ ደስ ይለኛል አለ። በዘጠነኛው ቀን፣ ኦክቶበር 24፣ ስታምፎርድ ከሚገኘው ቤቱ በልብ ድካም ሞተ። 53 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ፍራንክ ሮቢንሰን በክሊቭላንድ የተሾመው ለ1975 ዓ.ም. ውድድር ነው፤ ስማቸው ነው እንጂ አይዛመዱም።

መጽሐፉ በዚያው መጸው ወጣ። በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ ሜዳሊያ፣ የክብር መዝገብ፣ የምክትል ፕሬዚዳንት ወንበር፣ ከፕሬዚዳንቶች ጋር ደብዳቤ አይቷል። ያ ሁሉ አልፎ ወደ 1947ቱ የያንኪ ስታዲየም ደቂቃ ይመለሳል። ባንዲራው፣ ሙዚቃው፣ ሰልፉ። ያኔ ቆሞ ነበር። አሁን ግን፣ ይላል በራሱ አገላለጽ፣ ቆሞ መዘመር አይሆንለትም፤ በነጮች ዓለም ውስጥ ጥቁር መሆኑን በ1919 ሲወለድም በ1947ም በ1972ም የሚያውቅ ሰው ነውና። ምንም ቁጣ የለበትም ጽሑፉ። ሒሳብ ዘግቶ የተነሳ ሰው ድምፅ ነው ያለው።

ካፐርኒክ ከ2016ቱ ውድድር በኋላ የሚቀጥረው ክለብ አላገኘም። ፈይሳ ሁለት ዓመት በስደት ኖሮ በኦክቶበር 2018 አገሩ ገባ። የሮቢንሰንን 42 ቁጥር ሊጉ በ1997 ከሁሉም ክለቦች ላይ አነሳው፤ ማንም እንዳይለብሰው። በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ በየኤፕሪል 15፣ ተጫዋቹም አሰልጣኙም ዳኛውም ሁሉም 42 ይለብሳሉ። ከጨዋታው በፊት እንደ ወትሮው መዝሙሩ ይዘመራል። ሁሉም 42 ቁጥሮች ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ።